ያልተጠየቀችው ነዋሪ

ትምህርት ክፍላችን ያለበት አሮጌ ሕንፃ ድሮ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ነበር። ታሪኩን እንድናጠና ሲሰጠን፣ እዚያ የኖሩ ሴቶችን እያፈላለግን ድምፃቸውን መቅዳት ጀመርን። የመምህራችን ሕግ ጥብቅ ነው። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል፤ ሁሉም ሰው «እርስዎ» ይባላል። ተናጋሪዋ ዝም ካለች ደግሞ ጠያቂውም ዝም ይላል።

«ዝም አይነቅዝም» ይሉናል። «ታገሡ። ሰው ቁም ነገሩን የሚያወጣው ከዝምታ በኋላ ነው።»

ማንም ሳይሾመው ራሱን ስለሾመ «አለቃ» የምንለው የቡድናችን ልጅ አንድ ቀን፣ «እናትሽም እዚያ ኖረዋል አይደል? ለምን አንጠይቃቸውም?» አለኝ።

እናቴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳትጨርስ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት። ለምን እንደተወችው ስትጠየቅ፣ «ሰለቸኝ» ብላ ስፌቷን ትቀጥላለች። እሷ የወጣችበትንና እኔ የተወለድኩበትን ጊዜ ለማስተያየት ግን የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ያቋረጠችው በእኔ ምክንያት ይሆን? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ በሆዴ ይዤ ኖሬአለሁ፤ መልሱን እፈራው ነበር። ሌላ ሰው ይጠይቃት ብል አለቃ ወይ ፍንክች! ተራው የእኔ ነው።

እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። በጠባቧ የጥናት ክፍል ፊት ለፊት ተቀመጥን። አለቃ መቅጃውን ከፍቶልን ወጣ።

«እርስዎ እዚህ ሕንፃ ውስጥ መኖር የጀመሩት መቼ ነው?»

«እርስዎ?» ከት ብላ ሳቀች። «ዛሬ ጠዋት ‹ካልሲዬን የት አደረግሽው› ብለሽ የጮህሽብኝ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«እማዬ፣ ሕግ ነው።»

«እሺ፣ ጠያቂዋ። ይቀጥሉ እንግዲህ።»

ቀጠልኩ። ውሃ ላይኛው ፎቅ ስለማይደርስ ባልዲ ይዘው ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ እንደሚውሉ ነገረችኝ። ጉርድ ቀሚሳቸውን ፍራሽ ሥር አንጥፈው ተኝተውበት ያድራሉ፤ ጠዋት የተተኮሰ ይመስላል። ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ በኮቴዋ ለይተው መብራት ያጠፋሉ። ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የማላውቃት አስቂኝ ልጅ ፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ ወደድኳት።

የመጨረሻው ጥያቄ ደረሰ።

«ከሕንፃው የወጡት ለምን ነበር?»

እናቴ ዝም አለች። የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ትዳብስ ጀመር። «ይቅር፣ እንለፈው» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

«አርግዤ ነው» አለች በመጨረሻ። «ማንም አላባረረኝም። ጓደኞቼ ባልዲዬን እየተሸከሙልኝ ሸሽገውኝ ነበር። ፈተናው ሲቃረብ ግን አልቻልኩም፤ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ከወለድኩ በኋላ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ስፌቱ መጣ፣ ኑሮው መጣ፣ በዚያው ቀረ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የራሴን ታሪክ በሕንፃ ጥናት ሰማሁት።

«ይቆጭሻል?» አልኳት። ጥያቄው ከተፈቀደልን ውስጥ የለም፤ «እርስዎ»ም ጠፍቶብኛል።

«ትምህርቱ? በጣም እንጂ!» አለች ሳታመነታ። «እስከ ዛሬ በእንቅልፌ ፈተና አመለጠኝ እያልኩ እባንናለሁ።»

እንባዬ መጣ። የፈራሁት ደረሰ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ቀና በይ» አለችኝ። «እንዲህ እንዳትሆኚ ነው ‹ሰለቸኝ› ስልሽ የኖርኩት። ትምህርቴ ይቆጨኛል። አንቺን ወልጄ ግን አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ሁለቱን ያገናኘሻቸው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አላገናኘኋቸውም።»

ዝም አልኩ። በዚህኛው ዝምታዬ የመምህራችን ሕግ ትዝም አላለኝ። ሆዴ ውስጥ የከረመው ነገር ቀስ ብሎ ሲለቀኝ ይታወቀኝ ነበር። እናቴ መሐረቧን አቀበለችኝና ቀሚሷን አስተካክላ ተነሣች።

«ጠያቂዋ ጨረሱ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያቋረጠ ሰው ተመልሶ መመዝገብ ቢፈልግ፣ ቢሮው የት ነው?»

ደጅ ሲጠብቅ ለነበረው ለአለቃ መቅጃውን እንዲዘጋ ነገርኩትና ይዣት ሄድኩ።