ለድዌን ያዋስኩት ፀጉር ማድረቂያ

ድዌን ፀጉር ማድረቂያዬን የተዋሰኝ አምና በበረዶው ወራት ነው። የሱቁ ቧንቧ ውስጥ ውሃው በረዶ ሆኖ አልወርድ እንዳለውና በማድረቂያው ሙቀት ሊያቀልጠው እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔም ገመዱን ጠቅልዬ፣ እንዳይረጥብበት በፌስታል አድርጌ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ባስታወስኩት ቁጥር "ውይ እማማ ሎሬታ፣ ነገ ይዤልዎት እመጣለሁ" ይላል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ ገበታዬ ላይ ይቀመጣል፤ ማድረቂያው ግን አይመጣም። ለዚህም ሰው ይቀየማል ወይ ብዬ ተውኩት።

ድዌን እዚህ ሙንሲ ከተማ ውስጥ የቬፕ፣ ማለት በባትሪ የሚሠራ የእንፋሎት ሲጋራ፣ ሱቅ አለው። የልጅ ልጄ ታቢታ እሱ ዘንድ ትሠራለች። በዚሁ በቬፕ ሲጋራ ያስተወችኝ እሷ ስለሆነች ሥራሽን ተይ ለማለት አፍ የለኝም። ብቻ እፈራለሁ። የጎረቤቴ የኦፓል ልጅ እንዲህ ያለው እንፋሎት የሚሳብበት ቱቦ አፉ ላይ ፈንድቶበት ሁለት የፊት ጥርሶቹን አጥቷል። እሱን ካየሁ በኋላ እንቅልፍም አልወሰደኝ፤ ለታቢታም ደንብ አወጣሁላት። የምትሠሪው ሁሉ በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ እያየሁ ይሠራል አልኳት።

የእሷ ቱቦ የነሐስ ነው፤ ውስጡ ኃይሉን የሚቆጣጠርለት ነገር የለም። ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ጽዋ፣ በቃ። የሚያስብለት ሰው ነው። ፈሳሹን የሚያተነውን ሽቦ በቀጭን ዘንግ ላይ ትጠመጥምና ጫፎቹን በብሎን ታስራለች፤ የጽዋውን ግድግዳ እንዳይነኩ እኔ መነጽሬን አድርጌ አያለሁ። ከዚያ ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚያሳየው መለኪያ ላይ ይቀመጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ከባትሪው ብዙ ይስባል፣ እንፋሎቱም ይበዛል። ባትሪው ከሚችለው በላይ ከተሳበ ግን ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ እግዜር ይጠብቅ። ከለካች በኋላ ቁልፉን ነካ፣ ለቀቅ እያደረገች፣ ሽቦው ከመሃል ወደ ዳር እኩል እስኪቀላ በጉጠት ታቀራርበዋለች። መጨረሻ ላይ ፈሳሹን የሚመጠው ጥጥ በሽቦው መሃል ይገባል፤ ሲስቡት ትንሽ ያዝ የሚያደርግ፣ ግን ያልታነቀ መሆን አለበት። ጥጡ ከገባም በኋላ እንደገና አስለካታለሁ።

"አያትዬ፣ አንቺ ነርስ ብትሆኚ በሽተኛው በመስኮት ያመልጥ ነበር" ትለኛለች።

ባትሪውን የሚያመጣላት ድዌን ነበር። የባትሪ የፕላስቲክ ልባስ ተቀዶ ሲያይ ይቆጣል፤ ብረቱ ከቱቦው ጋር ከተነካካ አለቀ ይላል። አዲሱ ልባስ እንደ እጅጌ ሰፍቶ እንደሚገባና ሞቃት አየር ሲነፋበት ተኮማትሮ እንደሚጣበቅ ያስረዳኝም እሱ ነው። ጥንቃቄው ደስ አለኝ። "ታቢን ለእኔ ይተዉልኝ፤ የምሰጣት ለእናቴ የምሰጠውን ነው" ካለኝ ቀን ጀምሮ ከጥብሱ ለስላሳ ለስላሳውን ለእሱ መቁረጥ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ውድድር ነበር። ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስመሪያ ተስሏል፤ ከሁሉ የረዘመ የእንፋሎት ደመና የተፋ ለትልቁ ውድድር ቺካጎ ይሄዳል። እኔም ተጣጣፊ ወንበሬን ይዤ ሄድኩ። ድዌን ለታቢታ አረንጓዴ ልባስ ያላቸው አዳዲስ ባትሪዎች ሰጣት፤ ሠላሳ አምፔር የሚል ተጽፎባቸዋል። ሠላሳ እንደሚችሉ አስቀድሞ ስለነገረን ሽቦውንም የጠመጠምነው በዚያው ልክ ነው።

ታቢታ ለሙከራ ሁለቴ ስባ ቱቦውን ቶሎ አስቀመጠችውና እጇን አራገበች። ብነካው ይፋጃል። ባትሪውን አውጪው አልኳት። ቁልፉ ነው የጋለው እንጂ ምንም አይደለም አለች። አውጪው አልኩ ደግሜ፤ አወጣችው።

አረንጓዴው ልባስ ከሙቀቱ የተነሳ እንደ ካልሲ ወደ ታች ሸሽቷል። ከሥሩ ሌላ ልባስ ብቅ አለ፤ ሐምራዊ። ሐምራዊዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ድዌን ለትናንሽ ዕቃ የሚሸጣቸው ናቸው፤ የሠላሳውን ግማሽ እንኳ አይችሉም ብሎ የነገረኝ ራሱ ነው።

ቀና ስል የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ እጅጌዎች ተበትነዋል። አጠገባቸው ፀጉር ማድረቂያዬ ተቀምጧል፤ እጀታው ሲሰነጠቅ ያሰርኩበት ሰማያዊ ፕላስተር እንኳ አልተነካም።

"ቧንቧው የት ነው፣ ድዌን?" አልኩት።

አልካደም። ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማማ ሎሬታ፣ ሰው እየሰማ ነው። ልባስ እኮ ነው። ሁሉም ሱቅ ያለብሳል።"

"ለእናትህም ይህንኑ ትሰጣታለህ?"

ከጠረጴዛዬ በልቶ የሄደውን ሰው ፈልጌ ፊቱን አየሁት፤ የለም። ወደ ታቢታ ዞርኩ። እኔ እንደደነገጥኩ ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ፊቷ ገርጥቷል፤ የምታየው ነገር ግን አዲስ አልሆነባትም።

"ለደንበኞች እንደሚያደርገው አውቃለሁ" አለች። "ለእኔ ያደርገዋል ብዬ አላሰብኩም።"

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን እኔ ፊት ተቀምጣ ሽቦ ስትለካልኝ፣ ጥጥ ስታስተካክልልኝ፣ ስታስቀኝ።

"የኦፓል ልጅ ባትሪውን ከየት ነበር የገዛው?"

የታቢታ ስም ለውድድሩ ተጠራ፤ ተራዋ ደርሷል። አልተነሳችም።

"ከእኛ" አለችኝ።

የጋለውን ባትሪ ደጅ ባለው የአሸዋ ባልዲ ውስጥ ጨመርኩት። ያልተነካውን ሁለተኛውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጓዳ ገብቼ ማድረቂያዬንም ወሰድኩ፤ ማንም አልከለከለኝም።

እሁድ ጠዋት ፀጉሬን ታጥቤ ማድረቂያውን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። አጠፋሁት። በእርጥብ ፀጉሬ፣ ባትሪውን ይዤ፣ በዚያ ብርድ ወደ ኦፓል ቤት ሄድኩ። ታቢታ ሳልጠራት ተከተለችኝ። መንገዱ በረዶ ጋግሮ ያንሸራትት ስለነበር እጇን ዘረጋችልኝ። አልያዝኩትም፤ አጥሩን ተደግፌ ደረስኩና ደወሉን ተጫንኩ። ኦፓል በሩን ስትከፍት፣ "ንገሪያት" አልኳት ታቢታን፣ ሳልዞር።