የዋሲላ አበባ

ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ያለው የጸዳለ ማሽላ ከሰው ቁመት አልፏል፤ እሷ ግን እንቅልፍ አጥታለች። ከማሽላው ሥር አቀንጭራ ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ፈክቷል። ዘሩ ሳይረግፍ ካልተነቀለ የከርሞ እንጀራዋ አበቃለት። ባሏ አገኘሁ ጣልያንን ሊዋጋ ዱር ቤቴ ካለ ዓመት አልፎታል፤ ያላት ጉልበት የጎረቤት ልጆች ብቻ ነው። ሰባት ናቸው፤ ትልቁ ገና የወተት ጥርሱን አልጨረሰም።

«ይኼ አቀንጭራ ይባላል» አለቻቸው አንዱን ነቅላ እያሳየች። «ሥሩን ማሽላው ሥር ላይ ይሰካና ምጥጥ አድርጎ ይጠጣዋል። ያገኛችሁትን ሁሉ ንቀሉልኝ።»

ልጆቹ አበባውን አይተው ፈዘዙ። የባለሱቁ የኸሊል ልጅ ዋሲላማ ጭራሽ አለቀሰች። ገና አምስት ዓመቷ ነው።

«እንዲህ የሚያምር ነገር ሌባ ይሆናል? እትዬ ትዋሻለች!»

ሌሎቹም እሷን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጸዳለ ተቆጣች፣ ለመነች፣ ማር አበላችኋለሁ አለች፤ ወይ ፍንክች! ሲያቅታት ጊዜ አንዱን አቀንጭራ ከነአፈሩ ቆፍራ የእንስራ ገል ላይ ተከለችና ለዋሲላ ሰጠቻት።

«እንኪ፣ አንቺው አሳድጊው። ካደገልሽ እኔ ውሸታም ነኝ፤ ማሳዬንም ተዉት።»

ካለች በኋላ ግን የተናገረችው ቆጫት። ማሽላዋን በሕፃን እጅ መጣሏ ነው እኮ!

ዋሲላ ውሃ አጠጣችው፣ ጥላ ሠራችለት፣ እሽሩሩም አለችው። በሦስተኛው ቀን ገሉን ታቅፋ መጣች። አበባው ጠውልጎ ጠቁሯል።

«ያለ ማሽላ መኖር አይችልም» አለች፤ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። «ራሱን ችሎ መብላት አያውቅም!»

ከዚያ ማንንም ሳትጠብቅ ማሳው ውስጥ ገባች፤ ሌሎቹም ተንጋግተው ተከተሏት። ከሰዓት በኋላ ማሳው ጸዳ። ጸዳለ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

የተነቀለውን መንገድ ዳር ከምረው ሊያቃጥሉት ሲሉ አንድ የጣልያን ወታደር በበቅሎ መጣ። ጸዳለ ክው አለች። የሰውየው ዓይን ግን አበባው ላይ ነበር።

«ቆንጆ! ለኔ ስጪ» አላት ዋሲላን በተሰባበረ አማርኛ።

ዋሲላ እቅፍ ሙሉ አንስታ ሰጠችው።

«ውሰደው» አለች ኮስተር ብላ። «እኛ አገር ግን እንዳትተክለው። ሂድና አገርህ ትከለው።»

ወታደሩ ምኑም አልገባውም፤ ፈገግ ብሎ፣ እጅ ነስቶ ሄደ። ዋሲላ ከኋላው ስታየው ቆየች።

«እትዬ፣ እሱም አገሩ ማሽላ ባይኖረው ነው እንዴ እኛ ጋ የመጣው?»

ጸዳለ ሳቋን በነጠላዋ አፍና መሬት ቁጭ አለች። ይቺን ቃል ለባሏ ለአገኘሁ እስክትልክለት ቸኮለች።