የአምስት ቁጥር መብራት

በደቡብ ኮሪያዋ የማሳን ከተማ ውስጥ፣ በወደቡ በኩል ባለው ትልቁ ቅናሽ መደብር በካሸርነት የምንሠራ ሴቶች ውሃ አንጠጣም ነበር። ስለማይጠማን አይደለም። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ግማሽ ብርጭቆ የገብስ ውሃ ከተጎነጨን ቢጫውን ሽርጣችንን እስክናወልቅ ድረስ እሱው ይበቃናል፤ ከዚያ በላይ የጠጣች ሴት ከሰዓት በኋላ ፍዳዋን ታያለች። ሽንት ቤት ለመሄድ የፈለገች ከራሷ በላይ ያለውን ቀይ መብራት ታበራለች። ተቆጣጣሪዋ መብራቱን አይታ ተተኪ ከላከችላት ትሄዳለች። ካልላከችላት መብራቱም እንደበራ፣ እሷም እንደቆመች ይቆያሉ። ብሶ ብሶ ደግሞ አንዳንድ ደንበኛ መብራቱ የልዩ ቅናሽ ምልክት እየመሰለው የራሱን ሰልፍ ትቶ ወደበራበት ይጎርፋል።

እኔ ሱንቦክ እባላለሁ፤ የምሠራው ሰባት ቁጥር ላይ ነው። ከጎኔ ስድስት ቁጥር ላይ ሶክራን ነበረች። ሶክራን ድምፀ ጎርናና፣ አጭር፣ ክንደ ወፍራም ሴት ናት። ልጃገረድ ሳለች እዚሁ ማሳን ኤክስፖርት ቀጣና ውስጥ ሬዲዮ የሚገጣጥም ፋብሪካ ገብታ ጎንበስ ብላ ስትበይድ ወገቧን ጨርሳለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። «እሱ ተቀምጦ ይውላል፣ እኔ ቆሜ እውላለሁ» ትል ነበር፤ «ማታ ስንገናኝ እሱ መቆም ያቅተዋል፣ እኔ መቀመጥ።» በቀልዷ እንጂ በተቃውሞ አትታወቅም። አለቃ ሲቆጣ አንገቷን ደፍታ የምታሳልፍ ሴት ነበረች።

ከእሷ ወዲያ አምስት ቁጥር ላይ ያንሱን ነበረች። እሷን ሁላችንም እትዬ ያንሱን ነው የምንላት። በዕድሜም በሥራም ትበልጠናለች። ስንቀጠር ያሠለጠነችን እሷ ናት፤ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያዛውሩ፣ የሰከረ ደንበኛ ሲሳደብ ዓይንን የት እንደሚያሳርፉ፣ እንቁላል ከምን በላይ ከምን በታች እንደሚደረግ ያሳየችን እሷ ናት። ባሏ ሞቷል። አንገትጌዋ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከንፈሯ ሁልጊዜ የተቀባ ነበር። ሰውነቷም ሥራዋም ንጹሕ ነበር፤ በዚህም ትኮራለች፣ ኩራቷም ያምርባታል።

በቹሶክ፣ በመኸሩ በዓል ዋዜማ መደብሩ አፉ እስኪሞላ ሰው ገባበት። ለዘመድ የሚወሰድ የፒር ሣጥን፣ የሥጋ ሣጥን፣ የዘይትና የሳሙና ስጦታ በየጋሪው ተቆልሏል። ሰልፉ ከኛ ተነሥቶ እስከ ዓሣው ክፍል ደርሶ ነበር። እትዬ ያንሱን መብራቷን ያበራችው ገና ከምሳ በኋላ ነው። ሁላችንም አየን። ተቆጣጣሪዋም ሳታይ አልቀረችም፤ ግን ተተኪዎቹ ራሳቸው መጋዘን ተልከው ሣጥን ሲሸከሙ ስለነበር የምትልከው ሰው አልነበራትም። እትዬ ያንሱን አንድ ሁለቴ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ዕቃውን ማሳለፏን ቀጠለች። እጇ እየፈጠነ፣ ፊቷ እየገረጣ ሄደ።

አንድ ሕፃን ልጅ ነው መጀመሪያ ያየው። እናቱን እጇን ጎትቶ ወደ ወለሉ ጠቆማት። እናቲቱ አየችና ልጇን ወደ ኋላ ሳበችው። እትዬ ያንሱን የያዘችውን የዘይት ጠርሙስ በማሽኑ አሳለፈች፣ ዋጋውን ተናገረች፣ ገንዘቡን ተቀበለች፣ መልሱን በሁለት እጇ ሰጠች። ቀና አላለችም።

ሶክራን በእጇ የነበረውን አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታ እትዬ ያንሱንን ከወገቧ በታች ጠቀለለቻትና ክንዷን ይዛ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ወሰደቻት። ሁለት ሰልፍ ባለበት ቀረ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ሶክራን ዞር ብላ አንዱንም አላየችም።

እትዬ ያንሱን ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሥራ አልመጣችም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ናምጉንግ ይባላል፤ ዕድሜው የብዙዎቻችንን ታናሽ ወንድም ቢሆን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ለእትዬ ያንሱን የሳሙና ስጦታ ቤቷ ድረስ ላከላት። ሶክራንን ግን ቢሮው ጠርቶ፣ በበዓል ዋዜማ ሥራዋን ጥላ ስለሄደች በማግሥቱ ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት ይቅርታ እንድትጠይቅ ነገራት። ከበላይ ተጠይቆ መልስ መስጠት እንዳለበትም አልደበቃትም።

ዘወትር ጠዋት መደብሩ ሳይከፈት በፊት ተሰልፈን፣ እጃችንን ሆዳችን ላይ አድርገን፣ ጎንበስ እያልን «እንኳን ደህና መጡ ውድ ደንበኛችን» ማለትን እንለማመዳለን። ልምምዱ ሲያበቃ አቶ ናምጉንግ ለሶክራን በዓይኑ ምልክት ሰጣት። ሁለት እርምጃ ወጣ አለች።

«ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁ፤ እሺ» አለች። «እትዬ ያንሱን መብራቷን ስታበራ አይቻለሁ። አይቼም ሥራዬን ቀጠልኩ። እሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን መብራት አብርቼ ተተኪ ካልመጣልኝ፣ ደንበኛዬን አስፈቅጄ እሄዳለሁ። ተመልሼም እሠራለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

አቶ ናምጉንግ እስከ ጆሮው ቀላ። ልምምዱን እንደገና እንድንጀምር አዘዘን፤ ጎንበስ ቀና አልን። ከጎኔ የነበረችው ዳሶም፣ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች የምትሠራው ልጅ፣ ጎንበስ ባለችበት ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ እያሰብኩ ነበር።

ሶክራን ያለችውን አደረገች። የመጀመሪያው ቀን ሰልፉ ላይ የነበረው አንድ ሶጁ የሚባለውን አረቄ በካርቶን የተሸከመ ሽማግሌ ነው። መብራቷ ከበራ ቆይቷል።

«አባቴ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልመለስ። ይፍቀዱልኝ» አለችው።

«ይሄን ደግሞ እኔን ምን ያስፈቅዳል?»

«እርስዎ ካልፈቀዱልኝ ማን ይፈቅድልኛል?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ መብራቱን አየ፣ እሷን አየ። «ሂጂ እንጂ ሴትዮ» አላት። «እዚህ ፈንድተሽ ኋላ ምስክር ሁን ልባል ነው?»

ሰልፉ ላይ የነበሩት ሳቁ፤ ሶክራንም እየሳቀች ሄዳ ወዲያው ተመለሰች። ሁሉም ሰው ግን እንደ ሽማግሌው አልነበረም። አንዲት የደላት ሴት «ስለ ሽንቷ ልታወራኝ ነው ገበያ የመጣሁት?» ብላ ጋሪዋን እንዳለ ትታ ደንበኛ አገልግሎት ሄዳ ከሰሰቻት። ክሱ እንደተሰማ ሶክራን ከስድስት ቁጥር ተነሥታ ምድር ቤት ወዳለው መኪና ማቆሚያ ተዛወረች። ሥራዋ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን ጋሪ እየለቀሙ፣ አንዱን ባንዱ እየሰኩ፣ ረጅሙን ተርታ በተዳፋቱ ወደ ላይ መግፋት ሆነ። የወጣት ወንዶች ሥራ ነው። በዚያ ላይ ክረምቱ ገብቶ የባሕሩ ነፋስ በመኪና መግቢያው ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። በእረፍት ሰዓት ወርጄ ሳያት እጇ ተሰነጣጥቆ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ አገኘኋት።

«ይለቃሉ ብለው ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ተሳስተዋል» አለች። ቀጥላም «ይሄ ሥራ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ሽንት ቤቱ እዚሁ አጠገቤ ነው» ብላ ጋሪዋን ገፋች።

እኔ የኮንትራቴ ማብቂያ እየቀረበ ነበር። ይታደስልኝ አይታደስልኝ በአቶ ናምጉንግ እጅ ነው። ብዙ አሰብኩበት። መጨረሻ ላይ ያስወሰነኝ ትልቅ ሐሳብ አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት መብራቴ በርቶ፣ ጥርሴን ነክሼ ቆሜ ሳለ ያ ሕፃን ወለሉን ሲጠቁም ትዝ አለኝ። «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ደርቤ ለመሥራት የሚያስችል ጉልበት ያገኘሁ መሰለኝ። በማግሥቱ ዳሶም ተከተለችኝ። እሷማ ለደንበኛው «አንዴ ይጠብቁኝ፣ ካሮትዎ አይሸሽም» ብላው ነው የሄደችው። ከዚያ ሌሎች ሁለት ሴቶች ጨመሩ።

ሁሉም አልገባበትም። ፒልሱክ የምትባል ባልደረባችን እቅጩን ነገረችን፤ ልጇን ለብቻዋ ነው የምታሳድገው፣ ከዚህ ሥራ ከወጣች መግቢያ የላትም። አልፈረድንባትም። አንዷ ከኛ ብድግ ስትል ግን ፒልሱክ እጇን አውጥታ «በዚህ በኩል ይምጡ፣ በዚህ በኩል» እያለች ሰልፋችንን ወደ ራሷ ትስብልን ነበር። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር አውርታ አታውቅም።

ሶክራን በበኩሏ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አቤት ብላ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ መጥቶ እንዲያነጋግረን ቀን ተቆረጠ። የቀራት እትዬ ያንሱን ነበረች። መደብሩ በሚዘጋበት እሁድ ሁሉ ዳገቱን ወጥታ በሯን ታንኳኳለች፤ አይከፈትላትም። ካኪ የሚባለውን ያን ጣፋጭ ብርቱካንማ ፍሬ በከረጢት በሩ ሥር ትታ ትመለሳለች። ከስብሰባው በፊት ባለው እሁድ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ያን ቀን በሩ ተከፈተ።

እትዬ ያንሱን ከስታለች። ከንፈሯ አልተቀባም። ከሥር በሚሞቀው ወለል ላይ አስቀመጠችን፣ ያንኑ ፍሬ ልጣ አቀረበችልን። ሶክራን ስብሰባው መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደምንጠይቅ ነገረቻት።

«አትጨነቂ እትዬ» አለቻት። «አንዲት ሠራተኛ እንዲህ ሆነች ብዬ ነው የምናገረው። ስምሽ ከአፌ አይወጣም።»

«አንዲት ሠራተኛ ማናት?» አለች እትዬ ያንሱን።

ሶክራን ግራ ገባት።

«ስም ከሌላት ሰው አይደለችም። ጋሪ ናት።» እትዬ ያንሱን ቢላውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «አንቺ ስለኔ ምንም አትበይ። እኔው እናገረዋለሁ።»

በቀኑ ከመደብሩ በላይ ባለው ቢሮ ተሰበሰብን። የዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ትሑት፣ ቃላቱን የሚመርጥ ሰው ነበር። መብራት ያበራች ሠራተኛ በቶሎ ተተኪ እንዲላክላት መመሪያው እንደሚያዝ፣ ከዚህ ውጭ የሆነ ጉዳይ እስከ ዛሬ ለእሱ እንዳልደረሰው በረጋ ድምፅ አስረዳን። አቶ ናምጉንግ ከጎኑ ተቀምጦ እጁን ያይ ነበር።

እትዬ ያንሱን ብድግ አለች። ግራጫ ካፖርት ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ ነው የመጣችው።

«ጉዳዩ እኔ ነኝ» አለች። «የቹሶክ ዋዜማ አምስት ቁጥር ላይ መብራቴን አብርቼ፣ ዕቃ እያሳለፍኩ፣ ላዬ ላይ ሸናሁ። ሕፃን ልጅ እያየኝ። ያን ጊዜም ቢሆን የደንበኛዬን መልስ አላጎደልኩም። ከዚያ ወዲህ ቤቴን ዘግቼ ሳፍር ከረምኩ። አሁን ማፈሩ ሰለቸኝ። ተራው የናንተ ነው።»

ቁጭ አለች። ኃላፊው ወደ አቶ ናምጉንግ ዞሮ እውነት እንደሆነ ጠየቀው። ይክዳል ብዬ ነበር።

«እውነት ነው» አለ አቶ ናምጉንግ። «ከበዓሉ በፊት ተተኪ እንዲጨመርልኝ ጠይቄ ነበር። አልተፈቀደልኝም።»

ይህን ባለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ደሴት ላይ ወዳለ ትንሽ ቅርንጫፍ ተዛወረ። ሲሄድ ሶክራን መኪናው ድረስ ሸኝታ ጎንበስ ብላ ተሰናበተችው፤ እሱ ደግሞ ከእሷ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

ጥያቄያችን በአንድ ጊዜ አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ ተሰብስበን፣ አንድ ጊዜ ደጅ ቆመን ወረቀት ለደንበኛ ካደልን በኋላ ነው ሌላ ሥራ የማይሰጣቸው ተተኪዎች የተቀጠሩልን። ተተኪ ከዘገየ ሠራተኛዋ መተላለፊያዋን በሰንሰለት ዘግታ መሄድ እንደምትችልም ተለጠፈ። አበባ ሲፈካ ሶክራን ወደ ስድስት ቁጥር ተመለሰች። የኔ ኮንትራት ታደሰ፤ የዳሶም አልታደሰም። ምክንያቱን የነገራት የለም። አሁን ቡሳን ከተማ ሌላ መደብር ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያም ዝም እንዳላለች ሰምተናል።

እትዬ ያንሱን ተመለሺ ስትባል እምቢ አለች። የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብታ ለልጆች ምሳ ትሠራለች። መደብሩን ለረጅም ጊዜ በደጁም አላለፈችም። ባለፈው መስከረም አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እንደ ካሮት ያለ ሁለት ትልልቅ ነጭ ሥርና አንድ እስር ቀይ ሽንኩርት ይዛ የሶክራን ሰልፍ ላይ ቆማ አየኋት። ከእኔ ጋ ሰው አልነበረም፤ በእጄ ብጠራትም ራሷን ነቅንቃ እዚያው ቆየች።

ተራዋ ሲደርስ ነጭ ሥሩ በጣም እንደተወደደ ለሶክራን አመለከተች። ሶክራንም ዋጋውን የተመንኩት እኔ አይደለሁም አለቻት። ከዚያ እትዬ ያንሱን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ማታ ከሥራ ስትወጡ ጥበቃዎቹ ቦርሳችሁን አሁንም ይፈትሻሉ?»

«ይፈትሻሉ። ባለፈው የፒልሱክን የውስጥ ልብስ ሳይቀር ዘርግፈው አዩት።»

እትዬ ያንሱን ዕቃዋን ከረጢት ውስጥ ከተተች፤ ሽንኩርቱን ከላይ፣ ነጭ ሥሩን ከታች።

«እሁድ ሁላችሁም እኔ ቤት ኑ» አለች። «ፒልሱክንም ይዛችኋት ኑ።»