ቋ ያላለው መቀርቀሪያ

አማቴ እስካሁን «ሙሽራው» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል፣ ፀጉሬ ከፊት ሸሽቷል፣ ሆዴ ከቀበቶዬ በላይ መውጣት ጀምሯል፤ እሳቸው ግን ትናንት የመጣሁ ይመስል ሙሽራው ይሉኛል። እኛ ቤት ሲገቡ ይዘው የመጡት አንድ ሻንጣ ልብስ፣ የስፌት መኪናቸውና አንዲት ጊደር ነው። ጊደሯን «እሜቴ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በጠባይዋ ነው፤ ሲጠሯት አትመጣም፣ ሲከለክሏት አትቀርም።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል እየዞርኩ ከብት እከትባለሁ፣ ያበጠ ጡት አያለሁ፣ አልወለድ ያለ ጥጃ እጎትታለሁ። በየስብሰባው ደግሞ የታወቀ ንግግር አለኝ። «ከብታችሁን መንገድ ላይ አትልቀቁ! ሞተረኛውም ይሞታል፣ ከብቱም ይሞታል!» እያልኩ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሚስቴ ንግግሩን በቃሏ ታውቀዋለች። አስተማሪ ስለሆነች የቱ ጋ እንደማጋንንም ታውቃለች።

ለሰው እንዲህ የምሰብከው ሰውዬ ታዲያ የራሴን ሄልሜት ማሰሪያ አላስርም ነበር። ራሴ ላይ ጣል አድርጌው መሄድ ነው። አንድ ቀን አማቴ በመስኮት አዩኝና አለቀልኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ይጠብቁኛል። «ና ወዲህ፣ ሙሽራው» ይሉና ማሰሪያውን በገዛ እጃቸው ይቆልፉታል። ቀጥለው ሁለት ጣታቸውን አገጬ ሥር ያስገባሉ። ሁለት ጣት ከገባ ልክ ነው፤ ሦስተኛው ከገባ ላልቷል ማለት ነውና ፈተው እንደገና ያስሩታል። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ስለ ልክ ከሳቸው ጋር መከራከር የማይታሰብ ነው።

ችግሩ የመጣው አንድ ቀን አለቃዬ በመኪና ሲያልፍ በበራችን አጮልቆ ያየኝ ጊዜ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ ቆሜያለሁ፣ አማቴ ያስሩኛል። ቢሮ ስገባ ሁሉም ሰምቶ ጠበቀኝ። «ጡጦህንስ ይዘሃል?» አለኝ አለቃዬ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ለይምሰል ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እርር አለ።

በማግሥቱ አማቴ እጃቸውን ወደ አገጬ ሲሰዱ ገፋሁት። «እማማ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም! ይተዉኝ በቃ!» አልኳቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ድምፄን ከፍ ያደረግሁባቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው። እጃቸውን ሰብስበው የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ስለ ግቢያችን በር መናገር አለብኝ። ብረት ነው፤ ማጠፊያው ስለረገበ መሬት ይጎትታል። ከውጭ ሲዘጋ በጉልበት ከፍ አድርጎ፣ በቀዳዳው እጅ አስገብቶ መቀርቀሪያውን መግፋት ያስፈልጋል። በትክክል ከገባ ቋ ይላል። ቋ ካላለ በሩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም። በያጅ አመጣለሁ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። ያን ቀን ጠዋት ከሞተሩ ሳልወርድ በተረከዜ መታሁትና ሄድኩ። ቋ አላለም። አላለም፤ ልቤ ያውቀዋል። ለመመለስ ግን እልህ ያዘኝ።

ብዙ አልሄድኩም፣ ያልታሰረው ማሰሪያ በነፋሱ እየተወዛወዘ ጉንጬን በጥፊ ይመታኝ ጀመር። ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ። የአማቴ ንዝንዝ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። ተናድጄ ቆምኩና አሰርኩት። ስለ ደኅንነቴ አስቤ አይደለም፤ ዝም እንዲል ብዬ ነው። እጄ ግን ለምዶታልና ሳላስበው ሁለት ጣቴን አገጬ ሥር አስገብቼ ለካሁ።

ያን ጊዜ ነው የክትባት ሳጥኑን በረንዳ ላይ ረስቼው መውጣቴ ትዝ ያለኝ። የሚጠብቀኝ መንደር ሁሉ ከብቱን አውጥቶ ተሰልፏል። ሞተሩን አዙሬ ጋዙን ሰጠሁት። ቤታችን ጋ ሳይደረስ መንገዱ በጎረቤት አጥር በኩል ይታጠፋል፣ ከወዲያ ያለው አይታይም። መታጠፊያው ላይ ፍጥነት መቀነስ እንደሚገባ ለስንቱ ተናግሬያለሁ። እኔ ግን አልቀነስኩም።

እሜቴ መንገዱን በቁመቷ ዘግታ ቆማለች። ከሷ ወዲህ፣ ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ቤት ሊመልሷት የሚታገሉት አማቴ ናቸው።

ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ያዝኩ፣ መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዝኩ። ሞተሩ ከሥሬ ሸሸ፤ በጠጠሩ ላይ እየተንሸራተትኩ ሄድኩና ጭንቅላቴ የቦዩን ድንጋይ መታው። ሰማይና ምድሩ ተደበላለቀብኝ።

ዓይኔን ስገልጥ አማቴ አጠገቤ ተንበርክከዋል። የተሰበሰበው ሰው «አንሡት፣ አንሡት» ሲል «እንዳትነኩት! ሄልሜቱንም እንዳታወልቁ! ሐኪም ጥሩ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሁለት ጣቶቻቸውን አገጬ ሥር አስገቡ።

«ታስሯል» አሉ። «ታስሯል፣ ልጄ።»

ሙሽራው አላሉኝም። እንባቸው ፊቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ጤና ጣቢያው ግራ ክንዴ ተሰንጥቋል አለ፤ ጎኔም ተልጧል። ጭንቅላቴ ደኅና ነው። ነርሷ ሄልሜቱን አንሥታ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰነጠቀበትን አሳየችኝና «ይሄ ያንተ ራስ ሊሆን ነበር» አለችኝ። ሚስቴ ሄልሜቱን ተቀብላ እንደ ሕፃን አቀፈችው። በሕይወት በመኖሬ ተመስገን ከማለት ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም፤ የሚስቴ ታላቅ ወንድም መጥቶ «በሩን ማነው ክፍት የተወው?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ።

አፌን ከፈትኩ። አማቴ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ረስቼው ነው።»

እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ወንድምየው ክፉ ሰው አይደለም። እናቱን ይወዳል፤ ግን ባለፈው ወር ማንቆርቆሪያ ምድጃ ላይ ረስተው ከተቃጠለ ወዲህ እናቴ መርሳት ጀምራለች የሚል ስጋት ይዞታል። «እማዬ፣ ይሄ ሁለተኛሽ ነው» አላቸው። «ዛሬ ሰው ልትገድዪ ነበር። ቅዳሜ መጥቼ ወደኔ እወስድሻለሁ። ጊደሯን የሚወስድልን ሰውም አላጣም።» የሱ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ አራተኛ። እዚያ ግቢ የለም፣ ጊደር የለም፣ ጠዋት የሚታሰር ሄልሜትም የለም። አማቴ ቀሚሳቸው ላይ የቀረውን አቧራ እያራገፉ «እሺ» ብቻ አሉ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል። ለራሴ ሰበብ አላጣሁም፤ አሞኛል፣ ይደር፣ ነገ እነግራታለሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ያ የስብሰባ ንግግሬ ምን ሊሆን ነው? ከብት አትልቀቁ ባዩ ሰውዬ የራሱን ቤት ጊደር ለቆ ራሱ በሞተር ሊገጫት ነበር ቢባል፣ አለቃዬ ጡጦውን ትቶ ይሄን ዕድሜ ልኬን አያወራብኝም? ሚስቴ የእናቷን ልብስ እያጠፈች ስታለቅስ አይቼ እንኳ ዓይኔን በጨው አጥቤ ትራስ አስተካክዪልኝ አልኳት።

ዓርብ ከሰዓት የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ሰምቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። አማቴ በአደጋው ቀን የተቀዳደደውን፣ ሞተር ላይ የምለብሰውን አንጸባራቂ ሰደርያዬን ቆራርጠው ሰፊ ማሰሪያ እየሰፉ ነው።

«ምንድነው እማማ?»

«የእሜቴ የአንገቷ ነው» አሉ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ። «የሚወስዳት ሰውዬ እንዳንተ ተናጋሪ ላይሆን ይችላል። መንገድ ላይ ቢለቃት እንኳ ይሄ ያብረቀርቃል፤ ሞተረኛው ከሩቅ ያያታል። የሰው ልጅ ነው፣ እሱም ቤት የሚጠብቀው አለ።»

ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ወንድምየው መጣ። ሻንጣው በር ላይ ነው፣ ጊደሯ አዲሱን ማሰሪያዋን አጥልቃ ምንም እንዳልተፈጠረ ታመሰኳለች። በደኅናው እጄ ሻንጣውን ይዤ ወደ ቤት መለስኩት።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለኝ።

«በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ተናድጄ በእግሬ መትቼው ሄድኩ። ቋ አላለም። አለማለቱን እያወቅሁ ሄድኩ። እሳቸው የረሱት ነገር የለም፤ ጊደሯን ሊመልሱ ነው የወጡት። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተናገርኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው።»

ሚስቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንደዚያ ቀን አይታኝ አታውቅም፤ እንዲያ እንድታየኝም ዳግመኛ አልፈልግም። ወንድሟ እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«ጆሮዬ አልደነቆረም እኮ» አሉ አማቴ። «ቋ አለማለቱን በረንዳው ላይ ቆሜ ሰማሁ። ልዘጋው ስነሣ ጉልበቴ ዘገየብኝ፣ እሜቴ ቀደመችኝ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?» አልኳቸው።

«አንተ አልጋ ላይ ተዘርግተህ በሩን ማን ተወው እያልኩ ልሟገትህ? አጥንትህ እስኪጠገን ጥፋቱን ብይዝልህ ምን አለበት? ይልቅ እነሱ ሻንጣ ድረስ ይሄዳሉ ብዬ መቼ አሰብኩ» አሉና ልጃቸውን ገላመጡት። ወንድምየው መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ኮቱን አውልቆ በያጅ ፍለጋ ወጣ።

ስብሰባ ላይ አሁን ንግግሬ ተቀይሯል፤ ስለራሴ በር ነው የምጀምረው። አለቃዬ እንደፈራሁት ስቆብኛል፤ ሰዉ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ያዳምጠኛል። የእሜቴን ዓይነት የአንገት ማሰሪያ አማቴ ለጎረቤት ከብት ሁሉ እየሰፉ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ሥራ ጀመርኩ። አዲሱን ሄልሜት አድርጌ በረንዳው ፊት ሞተሩን አቆምኩ። አማቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው። አልተነሡም። ወርጄ ሄድኩና ፊታቸው ተንበርክኬ አገጬን ቀና አደረግሁ።

«ማሰሪያውን ይሰሩልኝ፣ እማማ» አልኩ።

ቆለፉልኝ። ሁለት ጣት አስገቡ። ሦስተኛውን ሞከሩ፣ አልገባም። ጉንጬን ነካ አደረጉኝ።

ወጣሁ። በሩ ተጠግኗል፣ አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። እኔ ግን ከሞተሩ ወርጄ፣ እጄን በቀዳዳው አስገብቼ፣ መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ቋ አለ።

«ሰማሁ፣ ልጄ!» አሉ ከውስጥ።