ከሣህሉ ቀጥሎ

"ስማቸው አለ እኮ!" አለ አኒስ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ። "ወለተ ጊዮርጊስ፣ ከደቅ፣ የሁለቱም ዓይን ሞራ። ይኸው እያየሁት ነው።"

"መኖሩንማ እኔም አያለሁ" አለች ሲስተር ጽጌ፣ የዓይን ክሊኒኩ ተራ አስያዥ። "ለምን አልተጠሩም ነው የምልህ። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሐዋርያት ይዘዋቸው መጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሞቹ ደግሞ ዕቃቸውን እየጫኑ ነው።"

ሐኪሞቹ ለሁለት ሳምንት ዘመቻ ነበር የመጡት። የተመዘገበውን መቶ ስድሳ ሰው በየተራው የሚጠራውን ፕሮግራም የሠራው አኒስ ነው። ተራው ለደረሰ ሰው ከሦስት ቀን በፊት ስልኩ ይጮሃል፤ የተቀዳ ድምፅ ቀኑንና ሰዓቱን ይነግረዋል። ጀልባ በየቀኑ ለማያገኝ የደቅ ደሴት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አኒስም ግሽ አባይ ሰፈር ካለችው ጠባብ ቢሮው ሆኖ በዚህ ሥራው ሲኮራ ነው የሰነበተው።

አሁን የጥሪውን መዝገብ ከፈተ። ለወለተ ጊዮርጊስ አንድም ጊዜ አልተደወለም። ስልካቸው ተዘግቶ አይደለም፤ ጭራሽ አልተሞከረም። የመጀመሪያውን ምዝገባ አውጥቶ ከእሳቸው በላይ ያለውን ስም አየ። ሣህሉ፣ ባላቸው። ከጎኑ "ዐርፈዋል፣ ይውጡ" ይላል።

ያኔ ስሕተቱ የት እንደሆነ ገባው።

ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል። መውጣት ያለበት ሰው ሲያገኝ ስሙን ያነሣል፤ ከሥሩ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ላይ ይጠጋሉ። ፕሮግራሙ ግን መጠጋታቸውን ሳያስተውል ወደሚቀጥለው ቦታ ይራመዳል። በወጣው ሰው ቦታ የተተካው ሳይታይ ይታለፋል። ሣህሉ ተነሡ፤ ሚስታቸው በቦታቸው ገቡ፤ ፕሮግራሙም ዘሏቸው ሄደ። ማንም ጀማሪ አንድ ጊዜ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። አኒስ ራሱ ስንት ተማሪ በዚህ ነገር ገሥጿል!

ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራለት የኪዲ ላይብረሪ ነበር። ላይብረሪ ማለት ሌላ ሰው ጽፎ የጨረሰውን ኮድ እንደ ጎረቤት ወንፊት ተውሶ መሥራት ነው፤ ፕሮግራሙ የተዋሳቸው ሁሉ ስማቸው በአንድ ፋይል ተዘርዝሮ ይቀመጣል። ኪዲ በዚያች ቢሮ አራት ዓመት አብራው የሠራች ባልደረባው ናት። አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ስትሄድ እንደ ክህደት ቆጠረባት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ለእሷ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ላይብረሪዋን ከዝርዝሩ አወጣው፤ ምትኩንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ጻፈ። ያለ እሷ መሥራት እንደሚችል ለማሳየት ነበር። ለማን እንደሚያሳይ ግን አላሰበበትም። እሷ ሰምታ "ካወጣኸው አውጣው፣ ስም የምሰርዝበትን ቦታ ግን ሳታየው አትጻፍ" ብላ ላከችለት። የናቀችው መስሎት ሳይመልስላት ሦስት ወር አለፈ።

የተዘለሉትን ቆጠረ። ስድስት ሰዎች ናቸው። ላፕቶፑን ይዞ በባጃጅ ወደ ክሊኒኩ ሄደ።

ግቢው ውስጥ የታሸጉ ሣጥኖች መኪና ላይ ይጫናሉ። ጽጌ ገና በር ላይ ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

"አንድ ሰው ብቻ፣ ዛሬ አይቻልም?" አላት።

"ለምኛቸው ነበር። ማሽኑ ታሽጓል፤ አውሮፕላናቸውም ደርሷል። እንግዲህ ለመስከረም ነው፣ እሱም ከተመለሱ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ኔትወርክ ነው በላቸውና ተገላገል። ማን ይጠይቅሃል?"

እውነቷን ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። በዚህ አገር ኔትወርክ ያልተሸከመው ኃጢአት የለም።

ወለተ ጊዮርጊስ አግዳሚው ላይ ከአባ ጎን ተቀምጠዋል። ስልካቸው በጨርቅ ከረጢት ሆኖ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ቀና አሉ፤ ፊታቸውን ያዞሩት ግን አኒስ ወዳለበት አልነበረም።

"ጤና ይስጥልኝ። አኒስ እባላለሁ" አለ። "ተራ የሚጠራውን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ ልጄ?" አሉ አባ ወልደ ሐዋርያት። "እኔም በደለኛ ነኝ። ሣህሉ ዐርፏል ብዬ ያስታወቅሁት እኔ ነኝ። ቦታው ለሌላ ችግረኛ ይሁን ብዬ ነበር።"

"ይኸን ስልክ ሁለት ሳምንት ከአንገቴ አላወለቅሁትም" አሉ ወለተ ጊዮርጊስ። "ጎረቤቶቼ እነ እናትዓለም ተጠርተው ሲሄዱ ሰማሁ። ነገ እኔን ይላሉ እያልሁ ጠበቅሁ። ኋላማ ከባሌ ጋር የሞትሁ መስሏቸው ይሆን አልሁ።" ከጉያቸው የመታወቂያ ካርድ አወጡና በጣታቸው ዳሰሱት። "ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ሳላየው ነው የሞተብኝ። እዚህ ላይ ፎቶው አለ ይሉኛል። ዓይኔ ሲበራ አየዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁ።"

ኔትወርክ የሚለው ቃል አኒስ አፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ካርዱን አየና ዋጠው።

"እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የጋሽ ሣህሉን ስም ሳነሣ እርስዎን ዘለልሁዎ። የሚያውቅ ሰው አስጠንቅቆኝ ነበር፣ በእልህ አልሰማሁም።"

ጽጌ ወደ ሣጥኖቹ ዞረች። ወለተ ጊዮርጊስ ካርዱን ወደ ጉያቸው መለሱት። አለመቆጣታቸው ከቁጣ ይልቅ አንገበገበው።

አባ ከነጠላቸው ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥተው ገለጡለት። የደቅ ተመዝጋቢዎች ስም በእጅ ጽሕፈታቸው ተደርድሯል። "እኛ የሞተ ሰው ስም አንፍቅም" አሉ። "መስቀል እናደርግበታለን፣ ከቦታው ግን አይነቃነቅም። ሲነበብ እሱን አልፈን ቀጣዩን እንጠራለን። ይኸው ሣህሉ፣ ይኸውና ሚስቱ ከሥሩ።"

ኪዲም ያደረገችው ይህንኑ ነበር። የሚወጡትን ስሞች ምልክት ታደርግባቸዋለች እንጂ ጥሪው ሳያልቅ አንድም አታነሣም። አያቷ መሪጌታ ነበሩ። ከእሳቸው ደብተር ያየችው ይሁን አይሁን አኒስ አያውቅም። አራት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጠይቋት አያውቅም።

"የቀሩትን አምስቱን ዛሬውኑ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ" አለ። "እርስዎን ደግሞ ለመስከረሙ አንደኛ አደርግዎታለሁ።"

"አንደኛ አልፈልግም" አሉ ወለተ ጊዮርጊስ። "ሰው ቀድሜ አላውቅም። ከሣህሉ ቀጥሎ ነው የተመዘገብሁ፣ እዚያው አድርገኝ።"

"ስማቸው ወጥቷል እኮ እናቴ።"

"መልሰው።"

አኒስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። የሣህሉን ስም በቦታው ጽፎ ከጎኑ መስቀል አደረገ። ከሥሩ ወለተ ጊዮርጊስ። ግን እሱ በጻፈው ኮድ ይህ ስም አይቆይም፤ ዛሬ ቢመልሰው በሚቀጥለው ጥሪ ፕሮግራሙ መልሶ ያነሣዋል፣ ሚስታቸውንም መልሶ ይዘላል። ሟችን በቦታው አቆይቶ የኋላውን ሰው የሚጠራው የኪዲ ብቻ ነው። የራሱን ኮድ ከላይ እስከ ታች አጠፋው። የተዋሳቸው ላይብረሪዎች የተዘረዘሩበትን ፋይል ከፍቶ የእሷን ስም መጨረሻው መስመር ላይ ጻፈ።

"አሁን አለ?" አሉ ወለተ ጊዮርጊስ።

"አሉ። እርስዎም ከሥራቸው አሉ።"

ላፕቶፑን ዘጋ። ስልኩን አውጥቶ የሦስት ወሩን መልእክት እንደገና አነበበ፤ መልስ መጻፍ ጀመረና ተወው። ደወለላት።