የአርዤሚሮ የዘገየ እጅ

አርዤሚሮ ከሰፈሩ የሳምባ ጭፈራ ማኅበር ተቀይሞ ከወጣ ወዲህ፣ ሚስቱ ኢቮኔቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን የምታስቀምጠው በሱርዶ ከበሮው ላይ ነበር። ከሀያ ዓመት በላይ በካርኒቫል ሰልፍ ሙሉ ሰፈር ያስረገጠ፣ ቁመቱ ወገብ የሚደርስ ትልቅ ከበሮ፣ ጓሮ ተጥሎ የሳፋ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። አርዤሚሮ በዚያ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። አይመታው፣ አይሸጠው፤ እንደተኳረፉ ዘመዳሞች ዝም ብለው ይተላለፋሉ።

ያስኮረፈው ቫልዴሲር ነው። ማኅበሩ አዲስ የከበሮ አለቃ አድርጎ የሾመው፣ ሸሚዙን እስከ እንብርቱ ከፍቶ፣ ፊሽካውን እንደ ሜዳልያ አንጠልጥሎ የሚንጎራደድ ሰው ነው። የሰልፉ ሰዓት አጥሯል፣ ቴሌቪዥንም መጥቷል፤ ስለዚህ ሳምባው ይፍጠን አለ። ሁሉም ፈጠነ። የአርዤሚሮ እጅ ግን ሁለተኛው ምት ላይ ሲወርድ ድሮም ትንሽ ይዘገያል። ሳምባ ደግሞ ቆሞ የሚሄደው በሁለተኛው ምት ነው፤ የሱርዶ ሥራም እሱን መጠበቅ ነው። «ያ ሰውዬ ምቱን አስጎምጅቶ ነው የሚሰጥህ» እያሉ ሲያደንቁለት ኖረዋል። ቫልዴሲር ግን በልምምድ መሀል ፊሽካውን ነፍቶ ሁሉንም አስቆመና፦

«ሽማግሌው! እኛ ለካርኒቫል ነው የምንለማመደው። አንተ ቀብር ልትሸኝ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ስድቡን ይችለው ነበር፤ አብረውት ያረጁት ሰዎች መሳቃቸው ነው አንጀቱን የቆረጠው። ማንገቻውን ፈታ፣ ከበሮውን ተሸክሞ በሰፈራቸው በማዱሬራ የባቡር ድልድይ ላይ ተሻግሮ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው «አርዤሚሮ የት ጠፋህ?» ብሎ በሩን አላንኳኳም። በመጨረሻ የመጣው ራሱ ቫልዴሲር ነው፤ እሱም ይቅርታ ሊጠይቅ አልነበረም። «ካልመታኸው ለሚመታው ልጅ ስጠው እንጂ» አለ። አርዤሚሮ በንዴት «ሰኞ መጥተህ ውሰደው!» አለና በሩን ዘጋበት። በሩን እንደዘጋ ተጸጸተ፤ ቃል ግን አንዴ ከአፉ ወጥቷል።

በዚያው ሳምንት የሟች እህቱ ልጅ ዙሌይካ መጣች። ጎፈሬዋ በበሩ ለማለፍ አንገቷን የሚያስደፋት፣ ታኮ ጫማዋ እንደ ሽማግሌ ከዘራ የሚያንኳኳ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ናት። በዚያ ዘመን የሰፈሩ ወጣት ግማሹ በአሜሪካኖቹ ሶልና ፋንክ ሙዚቃ ያበደ ነበር፤ ሌላው ግማሽ እነሱን ሲሰድብ ይውላል። አርዤሚሮ ከተሳዳቢዎቹ ወገን ነው።

«አጎቴ፣ ሱርዶውን እፈልገዋለሁ» አለችው።

«ከነሳፋው ውሰጂው።»

«ከነባለቤቱ ነው የምፈልገው! እሁድ ከባንዴ ጋር በሰፈሩ ክለብ እንጫወታለን። ሳምባና ፋንክ፣ በአንድ ላይ።»

«ባቄላው ላይ ማር አፍስስበትና ብላው በይኛ!»

«ባትበላውም ቅመሰው እንጂ።»

ኢቮኔቴ ከጓሮ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። «ሂድ ውጣልኝ! ሳፋዬን መሬት አስቀምጠዋለሁ። ይሄን የተኮሳተረ ፊትህን ግን ከእንግዲህ ሌላ ሳምንት አልችለውም» አለችው።

አርዤሚሮ ተሸነፈ፤ ግን እንደ ልማዱ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። እሁድ ሰው ከጨፈረ መልካም። ዳር ቆሞ ካየ ግን፣ ሰኞ ቫልዴሲር ከበሮውን ይወስዳል፤ የከበሮም ነገር በዚህ ቤት ዳግመኛ አይነሳም። ዙሌይካ እጇን ዘርግታ መታችለት።

ልምምዱ በአንድ መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ነገሩ አልያዘም። ፋንክ ክብደቱን የሚጥለው መጀመሪያው ምት ላይ ነው፤ የዙሌይካ ቤዝ እዚያ ላይ ድም ብሎ ያርፋል። አርዤሚሮ ደግሞ ያ የቀብር ቀልድ ጆሮው ውስጥ ስላለ፣ ዘገየ እንዳይሉት ምቱን እየቀደመ፣ በእሷ ላይ ይደርብባታል። እንደዚህ ተጣድፎ የመታበት ቀን በሕይወቱ የለም።

«አጎቴ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አለችው ገመዶቹን በመዳፏ አፍና።

«ማንም! እናንተ ናችሁ የምትጎተቱት።»

«ስማኝ። አንዱን ምት እኔ እይዘዋለሁ፤ ሁለቱ ያንተ ነው። በመሀል ያለውን ማናችንም አንንካው፤ የሚጨፍረው ሰው ወገብ የሚገባው እዚያ ነው።»

«እኔን ሱርዶ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ልጅ ሳለሁ ትመታው እንደነበረው ምታልኝ ነው የምልህ።»

ሰምቷታል። እጁ ግን እሺ አላለውም። የተሳቀበት እጅ በአንድ ቀን አይታዘዝም።

እሁድ ከሰዓት ክለቡ ጢም አለ፤ ግን አንድ ክለብ አይመስልም። በግራ በኩል ነጭ ጫማ ያደረጉት የሳምባ ሰዎች የቢራ ጠርሙሳቸውን ከበው ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል ባለጎፈሬዎቹ ወጣቶች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። መሀሉ ባዶ ወለል ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። አርዤሚሮ ተጣደፈ። ደፈር ብለው የወጡት ጥቂት ወጣቶች እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉት ጠፋቸውና እየሳቁ ተመለሱ። ከሳምባዎቹ ወገን ያሉት ደግሞ ሰርዲን ጥብሳቸውን መጎራረስ ጀመሩ። ከኋላ አንዱ «ቀስ በሉ፣ አባባ ባቡር ሊያመልጣቸው ነው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ያው ሳቅ ነው፤ ተከትሎት የመጣ መሰለው። አርዤሚሮ ላቡን ጠረገና እጁን ወደ ማንገቻው ሰደደ። አሁኑኑ ሊወጣ ነው። ቀና ሲል ግን በሩ አጠገብ ቫልዴሲርን አየው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጁን አጣጥፎ ፈገግ ብሏል። የሚያየው አርዤሚሮን አይደለም፤ ከበሮውን ነው። ሰኞ በምን ተሸክሜ ልውሰደው እያለ በዓይኑ የሚለካው ይመስላል።

አርዤሚሮ ደሙ ፈላ። ማንገቻውን መልሶ አጠበቀ።

«ቀብር ነው አይደል ያልከኝ?» አለ በልቡ። «እንግዲያው በሥርዓቱ እሸኝሃለሁ!»

ሁለተኛው ዘፈን ሲጀመር ጥሩ ለመምታት አላሰበም። ሐቁን እንናገር ከተባለ ያሰበው ቫልዴሲርን ማናደድ ብቻ ነው። መምቻውን ከራሱ በላይ አነሳው። ቤዙ አንዱ ላይ ድም ብሎ አረፈ። አርዤሚሮ የቫልዴሲርን ዓይን እያየ ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ። ምቱ አመለጠው ከተባለ በኋላ ለቀቀው።

ቡም።

ዙሌይካ አንገቷን አዙራ አየችው። እሱ እሷን አላየም። መምቻውን እንደገና አነሳ፣ አዘገየ፣ አስጎመጀ፣ ጣለው። በቤዙና በሱርዶው መሀል ሰፊ ቦታ ተከፈተ፤ ጊታሩ እዚያ ውስጥ ገብቶ ተንጫጫ፣ የድራሙ ልጅም ጥርሱ በጥርሱ ሆነ። በጋራዡ ያልተገኘው ነገር ተገኘ።

ከሳምባዎቹ ጠረጴዛ ዶና ሴሊና ተነሳች። በሰልፍ ቀን ሰፊውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ስትሽከረከር ያረጀች ሴትዮ ናት። የሰርዲን ሳህኗን ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችና ወደ ባዶው ወለል ወጣች። ከማዶ አንድ ረጅም ባለጎፈሬ ትከሻውን እያንቀሳቀሰ መጣላት። እሱ በአሜሪካኖቹ ስልት ተንሸራተተ፣ እሷ በሳምባው ረገጠች፤ ግን ሁለቱም ያንን የዘገየ ምት አብረው ጠበቁት፣ ሲመጣም ወገባቸው አብሮ ወደቀ።

«አንተ ልጅ፣ ማነው ይሄን ያስተማረህ?» አለች ሴሊና እየጮኸች።

«ማንም! አባባ ናቸው የሚያስጨፍሩኝ!»

ከዚያ በኋላ ግራና ቀኝ የሚባል ጠፋ። ነጭ ጫማው ከታኮው ጋር ተቀላቀለ፣ ወንበሮች ተገፉ፣ ቢራ ተደፋ፣ የተቆጣም የለም። አርዤሚሮ ቂሙን ረሳው። ለካ የሳቁበት ነገር ጉድለቱ አልነበረም! ያው እጅ፣ ያው መዘግየት፣ አሁን መላው አዳራሽ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው ሆነ። የደስታ እንባውን በትከሻው እየጠረገ መታ፣ መታ፣ መታ።

ወደ በሩ ሲመለከት ቫልዴሲር አሁንም እጁን እንዳጣጠፈ ነው። ቀኝ እግሩ ግን ከድቶታል፤ በራሱ ፈቃድ መሬቱን ይመታል። ቫልዴሲር እግሩን አየውና አፈረ፤ በግራው ረገጠው። ትንሽ ቆይቶ ግራውም ጀመረ።

ዙሌይካ ወደ አጎቷ ተጠግታ በጆሮው «እሺ፣ ባቄላው በማር እንዴት ነው?» አለችው።

«ዝም ብለሽ አንድሽን ያዢ!» አላት፣ ጥርሱን መሰብሰብ አቅቶት።

ሰኞ ጠዋት ቫልዴሲር በተባለው መሠረት መጣ፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ኢቮኔቴ ጓሮ ውስጥ፣ መሬት ላይ በተቀመጠው ሳፋ ልብስ ታጥባለች። ከበሮው በቦታው የለም።

«እትዬ ኢቮኔቴ፣ ጋሽ አርዤሚሮ አሉ?» አለ በትሕትና። ይህን «ጋሽ» ከአፉ ሲያወጣ የሰማው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ከዙሌይካ ጋር ልምምድ ሄዷል። ከበሮውን ከሆነ የፈለግከው፣ አብሮት ሄዷል።»

«ኧረ ከበሮውን አይደለም። ለካርኒቫል ወደ ማኅበሩ ይመለሱልን እንደሆነ… ሰዎቹ ልከውኝ ነው። እኔም ራሴ…» ፊሽካውን በጣቱ አሻሸ።

ኢቮኔቴ የባሏን ሸሚዝ ጠምዝዛ ጨመቀች፣ አራገፈች፣ ገመዱ ላይ አሰጣችው። ቸኩላ አልመለሰችለትም።

«እነግረዋለሁ» አለችው በመጨረሻ። «መልሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርስህ። እጁን ታውቀዋለህ።»