ከደብሪቱ በር የሚነሳው መስመር

ኢክላስ የምትሠራበት ቢሮ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። እሷና አለቃዋ ተስፋሁን የሠሩት የስልክ መተግበሪያ፣ ሰው ታክሲ ሲሳፈር የመኪናውን መንገጫገጭ እየለካ የተበላሸውን መንገድ በካርታ ያሳያል። ስም አይጠይቅም። አንዱ ስልክ ከሌላው እንዳይደባለቅ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል፤ በቃ። የየስልኩን የጉዞ መስመር ከነቁጥሩ ማንም ካርታው ላይ ማየትና ማውረድ ይችላል።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ሴት ደወለች።

"ስልኬ ላይ የጫንኩትን የመንገድ ካርታ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ?" አለች በሹክሹክታ። "ደብሪቱ እባላለሁ፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው የምሠራው። ባሌ ሊገድለኝ ሲል ወጥቼ፣ ሥራም ሰፈርም ከቀየርኩ ስምንት ወሬ ነው። ዛሬ የካርታችሁን ፎቶ ላከልኝ። 'ይቺ መስመር አንቺ ነሽ' ይላል።"

ኢክላስ ፎቶው ላይ ያለውን ቁጥር ጠይቃት ፈለገችው። እስከ ጥር ድረስ መስመሩ በየጠዋቱ ደብሪቱ የባሌ ነው ካለችው ግቢ ይነሳል። ከዚያ ወዲህ ያው ቁጥር ከስድስት ኪሎ በላይ ካለች ቅያስ ተነስቶ ፒያሳ ያበቃል። ይህን የሠራችው ራሷ ናት።

"አሁን የት ነሽ፣ እህቴ?"

"ሱቅ። በመስታወቱ እያየሁት ነው፤ ማዶ ቆሟል።"

ኢክላስ ወደ ተስፋሁን ዞረች። "ካርታውን እንዝጋው!"

"ነገ ለደንበኛ ልናሳይ? የሷን ብቻ አጥፊላት።"

"ሁሉም እንደሷ ይታያል እኮ! እሱ ስልክ ላይ የወረደውን ደግሞ ከዚህ ሆኜ ማጥፋት አልችልም።"

መልሱን አልጠበቀችም። ሰርቨሩን አጥፍታ ደረጃውን ወረደች። ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ስትሮጥ፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወንድ ሁሉ እሱ መሰላት።

መስመሩ ያበቃበት ወርቅ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ሸሚዙን በወጉ የተኮሰ ቀጭን ሰው መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

"እህት፣ ውስጥ ላለችው ሴትዮ ባልሽ ገነነ እየጠበቀሽ ነው በያት" አላት ፈገግ ብሎ።

እየተደናቀፈች ስትገባ ባለሱቁ አቶ ሐድጉ የብረት መዝጊያውን ከኋላዋ ጎትተው ፖሊስ ጠሩ። ደብሪቱ ከባንኮኒው ሥር ኩርምት ብላ ተቀምጣ ነበር።

ፖሊስ ሲደርስ ገነነ የለም።

"ሌላም ያየኝ ሰው ይኖራል?" አለች ደብሪቱ።

"አላውቅም" አለች ኢክላስ፤ ለመዋሸት አፏ አልታዘዘላትም።

ደብሪቱ በማግስቱ ስልኳን ጥላ ከከተማ ወጣች፤ የት እንደሄደች ኢክላስ አልጠየቀችም። ካርታው ሁለት ወር ተዘግቶ ከረመ። አሁን ቁጥሩ በየቀኑ ይቀየራል፤ የጉዞው መነሻና መድረሻም ተቆርጦ ይቀራል። ገነነ ግን እስካሁን አልተያዘም፤ የመጀመሪያውም ካርታ ስልኩ ላይ አለ።